ከቁም ሣጥን የወረደው መጽሐፍ

በ2008 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሣ ታክሲ ከመንገድ በጠፋበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ መምህር ኪዳነወልድ ከአለም ገና ወደ ሰበታ በእግራቸው ያዘግሙ ነበር። በብብታቸው የባዮሎጂ ማስታወሻቸውን ይዘዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሳቸው ከዚህ ደብተር ወደ ሰሌዳ፣ ተማሪው ከሰሌዳ ወደ ደብተሩ ሲገለብጡ ኖረዋል፤ ተማሪዎቻቸውም ያልፉ ነበር፣ ሐሰት አይነገርም። ዘንድሮ ግን ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሲዘጋ አምስት ሳምንት ባከነ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና እየቀረበ፣ አራት ምዕራፍ አልተነካም። ልጆቼ ሊወድቁብኝ ነው ብለው ምግብ አልበላ ብሏቸዋል።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ጣቢታ ከኋላ ደረሰችባቸው። ከወላይታ መጥታ እዚያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የምታስተምር ወጣት ናት።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? በዚህ ቀን ወዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ደብተር ፎቶ ኮፒ ላስነሣ ነዋ! ቆሜ ካላስገለበጥኳቸው ምን ላድርግ?»

«መጽሐፉ አላቸው እኮ።»

«እሱማ አላቸው» አሉ።

አለ ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው። መጽሐፉ መስከረም ላይ ይታደላል፤ ወላጅ በላስቲክ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ይሰቅለዋል፤ ሰኔ ላይ እንደ አዲስነቱ አውርዶ ይመልሰዋል። መጽሐፍ ያልመለሰ ልጅ ካርድ አይሰጠውምና ማን ይደፍራል? «ከአያያዝ ይቀደዳል» እያሉ ይህን ምክር ያስለመዱት ደግሞ ራሳቸው ኪዳነወልድ ነበሩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

«ቢያወርዱትስ እንግሊዝኛውን የት ይችሉታል?» አሉ። «ደግሞ ንባብ ማስተማር የቋንቋ መምህር ሥራ ነው። እኔ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ የእርስዎን የደም ሥር ሥዕል የእንግሊዝኛ መምህር እንዴት እንደሚነበብ ያሳያል? የእኔን ካርታና ሠንጠረዥስ? የትምህርቱ ዓይነት በተለወጠ ቁጥር አነባበቡም ይለወጣል። እኔ በክፍሌ መጀመሪያ ርዕሶቹን ብቻ እንዲያዩና ወደ ጥያቄ እንዲለውጧቸው አደርጋለሁ። ቀጥሎ ሥዕሉንና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ። ከዚያ አንድ አንቀጽ አንብበው መጽሐፉን ይከድኑና በገዛ አፋቸው ይናገሩታል፤ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ።»

«ይህን ሁሉ ስታደርጊ ክፍለ ጊዜው አያልቅም?»

«መጀመሪያ ያልቃል። በኋላ ግን ያለ እኔ ይሄዳሉ።»

«ወሬው ጥሩ ነው» አሉ ኪዳነወልድ፤ አላመኑም።

እንዲህ ሲከራከሩ ኦቦ ከድሩ ሱቅ ደረሱ። ልጃቸው ራህመት የሁለቱም ተማሪ ናት። «አካም ጂርቱ ኦቦ ከድሩ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው ውሃ ጠየቁ። ራህመት ከባንኮኒው ጀርባ የባዮሎጂ መጽሐፏን ዘርግታ ደረሱባት። ኪዳነወልድ ገጹን ሲያዩ ደነገጡ፤ ገና ያልጀመሩት ምዕራፍ ነው።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም አላስተማረኝም፣ ቲቸር። ቲቸር ጣቢታ ካርታ በምታስነብበን ዘዴ ሞከርኩት። የመጀመሪያው ገጽ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ አሁን ይሻላል።» ጥቂት አመነታች። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በማስታወሻዎ አርተሪ የተባለው የደም ሥር የሚሸከመው ኦክስጅን የበዛበት ደም ነው ይላል። እዚህ ሥዕል ላይ ግን ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው አርተሪ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ ማለት ደግሞ ኦክስጅኑ ያነሰ ነው ይላል ከሥር። አርተሪ የሚባለው ከልብ ስለሚወጣ ነው እንጂ በያዘው ደም አይመስለኝም።»

ኪዳነወልድ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን አዩት። ልጅቷ ልክ ናት። ኮሌጅ ሳሉ እሳቸውም ያውቁት ነበር፤ ማስታወሻውን ለማሳጠር ሲሉ አንድ መስመር ቆረጡ፣ ያው ተቆርጦ ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት የገለበጠ ተማሪ ሁሉ ስሕተቱን ገልብጧል፤ አንድም ልጅ አልጠየቀም፣ መጽሐፉን ያየ የለማ።

«አፈርኩ» አሉ፣ በተማሪያቸው ፊት። «ልክ ነሽ ልጄ።»

ጣቢታ አንገቷን ደፋች። «ማስታወሻው አይጠቅምም አላልኩም ጋሼ።»

«ይጠቅማል። ግን ከመጽሐፉ በኋላ።» ፎቶ ኮፒውን ትተው ወደ መጡበት ተመለሱ።

ሰኞ ትምህርት ተከፈተ። ኪዳነወልድ ሰሌዳው ላይ አንዲት መስመር ሳይጽፉ መጽሐፍ አስወጡ፤ ግማሹ ክፍል አልያዘም ነበርና በጥንድ አስቀመጧቸው። ርዕስ፣ ሥዕል፣ አንድ አንቀጽ፣ ክደን፣ ተናገር። ሁለት ገጽ ብቻ ሄዱ፤ ሰውየው ተጨነቁ። ረቡዕ መንገዱ እንደገና ተዘጋ።

ሐሙስ ኪዳነወልድ በእግራቸው ወደ ኦቦ ከድሩ ሱቅ ሲመጡ ራህመትና አራት የክፍሏ ልጆች ጆንያ ላይ ተቀምጠው ካልተነኩት ምዕራፎች ሦስተኛውን ይዘው በኦሮምኛና በአማርኛ ይከራከሩበታል። አንዷ «ቲቸር፣ መልሱን ይንገሩን» አለች።

«ሥዕሉ ምን ይላል?» አሉና ዳር ይዘው ተቀመጡ።

ማታ ለጣቢታ ደወሉ። «መንገድ ሲዘጋ እኔ እቀራለሁ» አሏት። «ማንበብ የቻለ ልጅ ግን ትምህርቱ አይቀርበትም፤ መምህሩ ሲሳሳትም አብሮ አይሳሳትም። ነገ ከተከፈተ ክፍልሽ ልግባ፤ ካርታውን እንዴት እንደምታስነብቢ ልየው።»