ዜሮ ሃምሳ ኪሎ መዘነ

— ሄሎ... አዎ፣ እኔ ነኝ ጋሼ። «ሰርቄያለሁ» የሚለውን የሥራ አስኪያጁን ወረቀት ፈረምክ እንዴ?... ገና ነህ? ተመስገን። እስኪብርቶውን አስቀምጥ። አስቀመጥክ?... አሁን የምነግርህ ጠብታ ውሸት የለበትም። ዓይኔ ይፍሰስ።

— አትሳቅ... ኧረ አውቃለሁ፣ ያኔ የአዞውን ወሬ ዋሽቻለሁ። ይሄ ሌላ ነው።

— መጋዘን ነኝ፣ ሚዛኑ አጠገብ። ሚስትህም እዚሁ ናት... ደህና ናት። የርቀት ትምህርቷን ደብተር ይዛ መጣች። «ባሌ ሚስማር አይሰርቅም፤ መዝገቡን አሳየኝ» አለች። አሳየኋት።

— ስማ። ሰኞ የገባው ሚስማር አራት ጆንያና ስድስት ካርቶን፣ ሁለት መቶ ሃያ ኪሎ። ማክሰኞ ስምንት ጆንያና አሥራ ሁለት ካርቶን፣ አራት መቶ ዘጠና። ጆንያው ሁሉ አንድ ልክ፣ ካርቶኑም ሁሉ አንድ ልክ ነው፤ ጆንያውን ኤክስ፣ ካርቶኑን ዋይ አለችው... እኔ ምን አውቄ፣ ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተጣልተናል።

— ከዚያ «በማስወገድ ዘዴ» ብላ የሰኞውን በሁለት አባዛች። ከማክሰኞው ቀነሰች። ኤክስ ድራሹ ጠፋ። ዋይም ተከተለው። ምን ቀረ መሰለህ?... አይደለም። ዜሮ እኩል ይሆናል ሃምሳ።

— እኔም እንዳንተ ክው ነው ያልኩት። ባዶ ነገር ሃምሳ ኪሎ ይመዝናል?... የተሳሳተች መስሎኝ ነበር። «በመተካት ዘዴ» ደገመችው። አሁንም ሃምሳ። — እትዬ፣ ምን ነበር ያልሽው? — «መፍትሔ የለውም» ነው የምትለው። ማክሰኞ ጆንያም ካርቶንም ያልሆነ ነገር ሚዛኑ ላይ ነበረ ማለት ነው።

— አዎ ጋሼ። ሰረቅክ ያሉህ ሃምሳ ኪሎ ሚስማር መጀመሪያውኑ አልገባም፤ መዝገቡ ላይ ብቻ ነው ያለው።

— ሚዛኑ ላይ የነበረው?... መዛኙ ነዋ፣ ስንጥሩ። ማክሰኞ ክምሩ የሚዛኑን ቁጥር ጋረደበት። ታዲያ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ፣ አንገቱን አስግጎ አነበበው... ራሱ ነው የነገረን፣ ምንም ሳይመስለው። «ሲጋርደኝ ሁልጊዜ እወጣለሁ» አይለኝም? እኔና ሚስትህ ተያየን። ያዝነውና ሚዛኑ ላይ አቆምነው። ልክ ሃምሳ። ከፍ አይል፣ ዝቅ አይል።

— ሥራ አስኪያጁ? ስልኩን ስጣቸው... ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። አዎ፣ ተሸካሚው ነኝ... ታናሽ ወንድሙ፣ አዎ... መዛኙ አጠገቤ ነው። — ስንጥሩ፣ ና፣ አንተው ንገራቸው። — ... ሰሙት? ... እሺ ጌታዬ።

— ጋሼ? ወረቀቱን ምን አደረጉት?... ቀደዱት?... — እትዬ፣ ቀደዱት። ኧረ ተይ፣ አሁን ደግሞ ምን ያስለቅሳል? —

— እንግዲህ ከተቀደደ ልንገርህ... አትቆጣ እንጂ። ስንጥሩን መዝነነዋል፣ እሱ እውነት ነው። ልክ ሃምሳ ያልኩህ ግን ከኔ ነው። አርባ ስምንት ነው የመጣው። ሁለቱን ኪሎ እኔ ነኝ የመረቅኩለት... ምሳ ሳይበላ እኮ ነው የመዘንነው... ሄሎ? ጋሼ፣ ትሰማኛለህ?...

— እትዬ፣ ዘጋብኝ።