አብ የተባልንበት ቤት

እኛ እዚህ አገር በመጣንበት ጊዜ፣ በፈረንጅ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው እንግዲህ፣ ሰው መሆናችንን እንጂ ስማችንን የሚረዳ አልነበረም። ታዲያ ሮተርዳም ዙይድ፣ የከተማው ደቡብ ማለት ነው፣ ለቤተሰብ የሚሰጥ ሁለት ክፍል ቤት ተገኘልኝ፤ ባለቤቴ ዘነበችና ትንሿ ልጃችን ሰናይት ግን ዲመን የሚባል ሌላ ከተማ ሰው ቤት ተጠግተው ነው ያሉት። እና አንድ ላይ ለመግባት ኸሜንተ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለቴ ነው፣ ሄደን መመዝገብ አለብን። ሄድን። ጸሐፊዋ ወረቀታችንን አየችና፣ «ታምሩ ደስታ፣ ዘነበች ጉልላት፣ ሰናይት ታምሩ። ሦስት የቤተሰብ ስም! እናንተ አንድ ቤተሰብ አይደላችሁም» አለች።

«ልጅቷ እኮ የኔ ናት።»

«ታዲያ ለምን ደስታ አልተባለችም?»

«ደስታማ አባቴ ነው፤ እሱ ወለዳት እንዴ?» አልኳት።

በቃ፣ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ዘነበች መንገድ ላይ አለቀሰች፤ እኔም ሆዴ ባባ፣ ለምን እዋሻችኋለሁ።

ታዲያ ወደቡ ላይ አብሮኝ የሚሠራ ኢቮር የሚባል በያጅ ነበረ፣ የዌልስ ሰው። እንግሊዝ ነህ ካላችሁት ያኮርፋል። ነገሩን ስነግረው፣ «የኛም አባቶች በመካከለኛው ዘመን እንዳንተው ነበሩ እኮ» አለኝ። «የቤተሰብ ስም የሚባል የለም። ኢቮር አብ ኦዋይን አብ ኤኒዮን እያሉ መቁጠር ነው። አብ ማለት ልጅ ነው።»

«ኧረ ተው! በኛ አብ አባት ነው፤ ልጅማ ወልድ ነው» አልኩት። የት ይገባዋል።

«ዌልስ ማለትስ ምን መሰለህ? ባዕድ ማለት ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጡት ናቸው ያወጡልን። እኛ ራሳችንን የአገር ልጆች ነው የምንለው» አለኝ። እና አሳዘነኝ። እኔ ባዕድ የተባልኩት ሰው አገር መጥቼ ነው፣ እሱ በገዛ አገሩ።

በማግስቱ አብሮን መጣ። ጸሐፊዋ ፊት ደረቱን ነፍቶ፣ «ኢቮር አብ ኦዋይን አብ ኤኒዮን አብ...» እያለ ሰባት ቤት ቆጠረላት። «የነዚህም እንዲሁ ነው፤ ታምሩ አብ ደስታ» ሲላት፣

«ሚስትየዋስ?»

«እሷም ያው ናት።»

«ልጅቷም?»

«እሷም።»

«ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩኝ! የሁላችሁም የቤተሰብ ስም አብ ነዋ» አለችና ጻፈችው። ኢቮር፣ «ኧረ ለሴት እንኳ ሌላ ቃል ነው ያለን...» ሊል ሲጀምር እግሩን ረገጥኩት። ጠበቅ አድርጌ ነው የረገጥኩት። እና በዚያው ሳምንት አንድ ቤት ገባን።

ታዲያ የንስሐ አባታችን ቄሱ ቤቱን ጸበል ሊረጩልን መጡና በሩ ላይ የተለጠፈውን ስም አነበቡ። «ታምሩ፣ ይኼ የማን ቤት ነው?» አሉኝ።

«የኛው ነው አባ። ሦስታችንም አብ ተብለናል።»

«ሦስታችሁም? አንተ ሰው፣ አብ እኮ አንድ ነው!»

«ምን ላድርግ አባ፣ ሦስት ነን ስንላቸው እኮ ቤት ከለከሉን» አልኳቸው።

እሳቸው ሲስቁ ጸበሉ ደረጃው ላይ ፈሶ አለቀ።