በቃጫ የተደፈነ ክፍል

በ፲፱፻፳፮ ዓ.ም. ሐምሌ፣ ከሆሳዕና ገበያ በሚመጣው መንገድ ላይ ባላምባራስ ወንዳፈረውን አገኘኋቸው። በበቅሎአቸው ኮርቻ ላይ ሁለት እስር ቃጫ አንጠልጥለዋል። ለሌላ ሰው ቃጫ ማለት ከእንሰት ተፍቆ የሚወጣ፣ ገመድ የሚሠራበት ነገር ነው። እኔ ግን ሳየው መንገዱ ላይ ቆምኩ።

«እንዴት አረፈዱ ባላምባራስ? ቃጫው ለምንድን ነው?»

«ዘርትሁን ልጄ ወልዳ የለም እንዴ! አልሰማህም፣ ሀብቴ? ወንድ ልጅ ነው! ዛሬ አምስት ቀኗ። ይህ የሐምሌ ብርድ ሊገድልብኝ ነው፤ የቀረውን የክፍሏን ቀዳዳ ሁሉ ልደፍነው ነው።»

«እሳትስ?»

«ሁለት ማንደጃ ሙሉ ከሰል! ሌትም ቀንም አይጠፋም።»

በብብቴ ይዤው የነበረው ደብተር ጭቃው ላይ ወደቀ። ደብተሩ የሰይፈሥላሴ ነበር። ሰይፈሥላሴ አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ፣ በኪራይ ቤት የሰፈሩን ልጆች የሚያስተምር ወጣት ነው። ስለ ተፈጥሮ የሚናገሩ ቃላትን እያሰባሰበ፣ የእያንዳንዱን ትርጉም ለልጆቹ በአማርኛ ይጽፋል። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ከመዝሙረ ዳዊት ላይ በራሴ ነው። ጽሕፈቴ ግን ደህና ስለሆነ ቃላቱን እንድገለብጥለት ሰጥቶኝ ነበር። በዋዜማው ማታ «አየር»ን፣ «እንፋሎት»ን፣ «ሙቀት»ን ገልብጬ «ከሰል» ዘንድ ደረስኩ። እንዲህ ይላል፦ «ከሰል፦ አየር በማይገባበት ቤት ሲነድ መርዝ ይወጣዋል። መርዙ አይታይም፤ አይሸትም። የተኛን ሰው ሳያስነቃ ይገድላል።»

ከዚያ ወዲያ ብዕሩን መያዝ አልቻልኩም። ከሦስት ዓመት በፊት ባለቤቴን እህተማርያምን፣ ክርስትና ካልተነሳች ልጄ ጋር፣ በወለደች በዘጠኝ ቀኗ ቀብሬአለሁ። ሰው ሁሉ «ሾተላይ ነው» አለኝ፤ እኔም አመንኩ። የሞቱባትን ክፍል በቃጫ የደፈንኩት ግን እኔ ነበርኩ።

ደብተሩን ከጭቃው አንስቼ «ባላምባራስ፣ በእግዚአብሔር፣ ከዚህ ከአስተማሪው ልጅ ቤት አንዴ ጎራ እንበል» ብዬ ለመንኳቸው። ከኀዘኔ ወዲህ አእምሮዬ እንደተነካ ያምኑ ነበርና አዝነውልኝ ገቡ።

ሰይፈሥላሴ ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሳ። ነገሩን ስነግረው ፊቱ ገረጣ። ወዲያው ጧፍ ለኩሶ ጠረጴዛው ላይ አቆመና ብርጭቆ ደፋበት። ነበልባሉ አነሰ፣ አነሰ፣ ጠፋ።

«አዩ ጌታዬ? እሳት አየር ይበላል። ባለቀበት ጊዜ ይሞታል።»

ባላምባራስ ሳቁ። «ልጄ ጧፍ አይደለችም፣ አስተማሪው። ደግሞስ በክፍሏ ውስጥ ኩራዙ ቦግ ብሎ ይበራል። አየሩ ቢያልቅ እሱ ቀድሞ ይጠፋ አልነበር?»

ወጣቱ ብርጭቆውን አንስቶ የጠፋውን ጧፍ ተመለከተ። ክርክሩን የተሸነፈ መሰለኝ።

«እውነትዎን ነው» አለ በመጨረሻ። «የሚያስፈራኝም እሱ ነው። አየር ሲያንሰው ከሰሉ በደንብ አይነድም። ያን ጊዜ የሚወጣው መርዝ መብራቱን አይነካም፤ ኩራዙ እየበራ ሰውየው ይሞታል።»

«ስሙ ማነው ይህ መርዝ?»

«ፈረንሳዮቹ ኦክሲድ ደ ካርቦን ይሉታል። እኔ ለልጆቹ የከሰል መርዝ ብዬዋለሁ።»

«አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰው ይገድላል! ይህንንማ እኛ ጋኔን ብለን በጠበል ስናባርረው ኖረናል። አንተ ስሙን ለወጥክና አስተማሪ ተባልክ!»

«ጋኔን ከሆነም በር ሲከፍቱለት የሚወጣ ጋኔን ነው፣ ጌታዬ።»

«ዝም በል! እናቴ ዘጠኝ ስትወልድ እሳት ከአጠገቧ ጠፍቶ አያውቅም። አንዳችንም አልሞትንም።»

«ቤታችሁ ምን ዓይነት ነበር?»

«የሣር ነዋ!»

«የሣር ክዳን ይተነፍሳል። የሐዲያ ጎረቤቶቻችንን ቤት ይመልከቱ፤ እሳቱ መካከል ላይ ይነዳል፣ ጢሱ በሣሩ ውስጥ አልፎ ሲወጣ ከሩቅ ይታያል። የእርስዎ ቤት ግን ቆርቆሮ ነው። ግድግዳው ተመርጓል፣ ጣሪያው በአቡጀዲ ተወጥሯል። አሁን ደግሞ ቃጫ!»

በሰፈሩ የመጀመሪያው ቆርቆሮ የእሳቸው ነበር። ሰው በለፋበት ነገር ሲነኩት እውነቱን ለመስማት ጆሮ አይኖረውም።

«በቆርቆሮዬ መጣህብኝ!» ብለው ተነሱ። «ልጄን ይበርዳታል፤ እኔ እዚህ ከሕፃን ጋር እጫወታለሁ!»

በሩ ላይ ቆምኩባቸው። በዕድሜዬ ሽማግሌ መንገድ ከልክዬ አላውቅም።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ዘርትሁን ራሷን ያማታል?»

«አራስ አይደለች? ብርዱ ነው።»

«መቼ መቼ ነው የሚያማት?»

«ጧት ጧት ይጸናባታል። ያስመልሳታል።»

«ለሽንት ወደ ደጅ ስትወጣስ?»

ሊገፉኝ የዘረጉትን እጅ መለሱ። «ደጅ ስትወጣ… ይተዋታል» አሉ ቀስ ብለው። «ስትገባ ይነሳባታል። ልታርሳት የመጣችው እልፍነሽም ትናንት ራሴን ራሴን ስትል ነበር።»

«እህተማርያምም እንዲሁ ነበረች፣ ባላምባራስ። እኔም ብርድ ነው ብዬ ቃጫ ጨመርኩ። በዘጠነኛው ቀን ጧት ገልጬ ሳያት ከንፈሯ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል። እንቅልፍ ወስዷታል ብዬ፣ እንዳይበርዳት በሩን ቀስ አድርጌ መልሼ ዘጋሁት።»

ባላምባራስ ገፍተውኝ ወጡ። በቅሎአቸውን ረስተው በጭቃው ሮጡ፤ እኛም ተከተልናቸው። ቤታቸው ከሦስት አጥር በኋላ ነበር፤ መንገዱ ግን አላልቅ አለኝ።

«ዘርትሁን! አንቺ ዘርትሁን! እልፍነሽ!»

መልስ የለም። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሰይፈሥላሴ በትከሻው ሁለቴ ገፍቶ ሰበረው። ትኩስ አየር ፊታችንን መታን። ኩራዙ ቦግ ብሎ ይበራል። እልፍነሽ ግድግዳ ተደግፋ አንገቷን ደፍታለች። ዘርትሁን ሕፃኑን አቅፋ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ቀይ ነው።

አባቷ እሷን፣ ሰይፈሥላሴ ሕፃኑን፣ እኔ እልፍነሽን ተሸክመን በረንዳው ላይ፣ ካፊያው በሚደርስበት ቦታ አስተኛናቸው። ከዚያ ወጣቱ ማንደጃዎቹን እያወጣ ሲያስቀምጥ፣ እኔ ተመልሼ የመስኮቱን ቃጫ በጥፍሬ እመዝዝ ጀመር። ከሦስት ዓመት በፊት የደፈንኩት ያው ይመስለኝ ነበር። ጣቴ እስኪደማ መዘዝኩ። ጆሮዬ ግን በረንዳው ላይ ነበር።

መጀመሪያ ሕፃኑ አለቀሰ። ቆይቶ እልፍነሽ አቃሰተች። ዘርትሁን ግን ዘገየች፤ ባላምባራስ ጭንቅላቷን በጭናቸው ላይ ይዘው ስሟን ብቻ ይደጋግሙ ነበር። በመጨረሻ አስመለሳትና ዓይኗን ገለጠች።

«አባዬ፣ በረደኝ።»

«ይብረድሽ ልጄ» አሉ ሽማግሌው እያለቀሱ። «እሰይ፣ ይብረድሽ!»

በሳምንቱ ባላምባራስ በዚያ ክፍል ላይ ሁለተኛ መስኮት አስከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ሴት በወለደችበት ቤት ሁሉ ማንም ሳይጠራቸው ይገባሉ። ከሰል ከደጅ እንዲቀር፣ ድንጋይ ውጭ ግሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከአራሷ እግር ሥር እንዲደረግ፣ መስኮትም ከስንዝር እንዳያንስ ተከፍቶ እንዲያድር ያዝዛሉ። የሚከራከራቸው ካለ «ቆርቆሮዬን አትመልከት፤ ልጄን ጠይቃት» ይሉታል። እኔ እስከማውቀው ድረስ በሰፈራችን በዚህ ምክንያት የሞተች አራስ የለችም። ሰዎች ሆይ፣ ብርድን በልብስ ተከላከሉት፤ አየርን ግን ከቤታችሁ አትከልክሉ።

ደብተሩን ጭቃውን ጠርጌ ገልብጬ ጨረስኩት። ሰይፈሥላሴን አስፈቅጄም «ከሰል» በሚለው ቃል ሥር ከራሴ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ «ራስን አሞ፣ አስመልሶ፣ ደጅ ሲወጡ ከተሻለ፣ ብርድ አይደለም። የተኛውን ቀስቅሱ። በሩን አትዝጉ።»

ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲያነቡት በአጥሩ በኩል ሳልፍ እሰማለሁ። እዚያ ቃል ላይ ሲደርሱ እቆማለሁ፤ ጨርሰው ወደሚቀጥለው እስኪያልፉ ድረስ።