ከሃምሳ በላይ ማይክ ክልክል ነው

እትዬ፣ ብነግርሽ አታምኚኝም! ... ቆይ መጀመሪያ የዚህን ቱታ እግር አሳጥሪልኝ፤ የእህቴ ነው፣ ረዝሞባታል። ጋሼ፣ እርስዎም እንደምን አደሩ? ሱሪዎን ሊወስዱ ነው? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ፤ ጋዜጣዎን ያንብቡ፤ እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው።

እትዬ፣ በሰው አገር ስትኖሪ የሚያስብልሽ ሰው ማግኘት መታደል አይደል? አንድ ትልቅ ሰው አሉልሽ... የማኅበራችን ሊቀመንበር ማለቴ እንዳይመስልሽ ደግሞ! ደግነታቸው ደግሞ! ሳይጠይቁሽ ሁሉን የሚያውቁልሽ ናቸው። እህቴ ለመካኒክነት ልምምድ አመልክታ፣ አባባ ደስ ብሎት ፈርሞላት፣ ጋራዡ እሺ ብሏት... ለካ እሳቸው ቀድመው ለማዘጋጃ ቤቱ ጽፈውልናል! «በባህላችን ሴት ልጅ ጋራዥ አትገባም፤ ማኅበረሰቡ ባህሉ እንዲከበርለት ይጠይቃል።» ማኅበረሰቡ! እኔ እንኳን አልተጠየቅኩም፤ አንቺ ተጠይቀሻል እንዴ?

የማዘጋጃ ቤቷ ሴትዮ ደግሞ ጨዋ ናት፤ «ባህል» ስትል ድምጿ ራሱ ይለሰልሳል። «የኔ ቆንጆ፣ ያንቺን ፍላጎት እረዳለሁ፤ የማኅበረሰብሽን መብት ግን መጋፋት አልችልም። ሕፃናት ማቆያ ልላክሽ?» አለቻት። የአባባን ታክሲ ሞተር ፈትታ የምትገጥም ልጅ! ጋራዡ ቦታውን የሚያቆይላት እስከ ዛሬ አርብ ብቻ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ትራስ ውስጥ ስታለቅስ... ግን ለሷው ታስቦ እኮ ነው፣ ምን ይደረግ?

ታዲያ አንዷ ባለጌ፣ ማን እንደሆነች እኔ በምን አውቄ፣ ያንኑ ደብዳቤ ገልብጣ፣ «ሴት ልጅ» የሚለውን «ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ወንድ»፣ «ጋራዥ አትገባም» የሚለውን «ማይክ አይነካም» አድርጋ ለዚያችው ሴትዮ ላከችላት። ማኅበረሰቡ ይጠይቃላ!

ባለፈው እሑድ፣ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ላይ እኚያ ትልቅ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ክራቫታቸውን አስተካክለው ሲነሱ፣ ሴትዮዋ ማይኩን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ «ይቅርታ አባቴ፣ ባህልዎን አከብራለሁ» አትላቸው መሰለሽ!

«የምን ባህል? እኔ መናገር እፈልጋለሁ! እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«የርስዎ ፍላጎት ሌላ፣ የማኅበረሰብዎ መብት ሌላ።»

አቤት ትሕትናዋ! አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ እኔ ብቻ አዘንኩላቸው... ጋሼ፣ ምነው ሳል ያዘዎት? ውሃ ይምጣልዎ?

ከዚያማ ሰኞ ጠዋት በገዛ እጃቸው አዲስ ደብዳቤ ጻፉ። «ባህል አለን፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ ራሱ ይጠየቅ።» ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። ለማይኩ ብለው እንዳይመስልሽ፣ ለእውነት ነው! ሴትዮዋም ወዲያው እህቴን አስጠርታ፣ «ይኸው ልጠይቅሽ፤ አንቺ ምንድነው የምትፈልጊው?» ብትላት፣ ልጅቷ «ጋራ...» ብላ ሳትጨርስ ተመዘገበች። እሳቸው ግን ይሄን ገና አልሰሙም መሰለኝ። ውለታቸውን ሳያውቁት መቅረታቸው ነው የሚያሳዝነኝ። ጋሼ፣ ገጹን እኮ አልገለጡትም፤ ጋዜጣው ዛሬ ከበደዎት?

እና እትዬ፣ እባክሽ ለገባ ለወጣው ሁሉ አውሪልኝ። እሳቸውን ካገኘሻቸው ደግሞ ይቺን ምርቃቴን አድርሺልኝ፦ ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው፤ ሲያረጁም ልክ እንደ እሳቸው ያለ አሳቢ አይንሳቸው። ምን እንደሚበሉ፣ የት እንደሚተኙ፣ ከማን ጋር እንደሚያወሩ... አንዲት ቀን እንኳ ሳይጠይቃቸው የሚያውቅላቸው።