የእትዬ ዘሃራ ካርድ

ጦርነቱ ወደኛ በቀረበበት ሰሞን ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘሃራ ጋር ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ በሚኒባስ እየሄድን ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ለሰፈራችን ሴቶች የሠራሁት ጨዋታ አለ። እያንዳንዷ ተጫዋች ካርድ ስባ ሐኪም ወይም ነጋዴ ትሆንና ዳይስ እየጣለች ታሪኩን ትቀጥላለች። መጀመሪያ ለአንዱ ገጸ ባሕርይ ሙሉ ገጽ ሕግ ጽፌ ነበር፤ እትዬ ዘሃራ «ልጫወት ነው ወይስ ልፈተን?» ሲሉኝ ሁሉንም ወደ አንድ መስመር አሳጠርኩት። የመጀመሪያው ኬላ ላይ ቦርሳዬን የሚፈትሸው ሚሊሻ አንዱን ካርድ መዞ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ሰላይ፦ አንዴ ብቻ ሳይታይ ኬላ ያልፋል።»

«ሰላዩ ማነው?» አለ። ጨዋታ ነው ልለው ስል እትዬ ዘሃራ እጃቸውን አወጡ። «እኔ ነኝ!»

«እርስዎ፣ እማማ?»

«ምን ዋጋ አለው ልጄ፣ የዚህች ልጅ ጨዋታ ላይ ወላሂ አንድ ቀን አልፌ አላውቅም! ዳይሱ አንድ እያመጣብኝ ሁሌ እያዛለሁ። ትናንትም እሷ ቤት ምንጣፍ ላይ ታስሬ ነው የዋልኩት።»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። ሚሊሻውም ሳቁ አመለጠው፤ የሰላዩን ካርድ ቀዶ ሌሎቹን መለሰልኝ።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። «አሁን እኔ ምን ልሁን?» አሉኝ እትዬ ዘሃራ። ባዶ ካርድ ላይ ጽፌ አነበብኩላቸው፤ «ዋስ፦ የተያዘን ሰው አንዴ ያስፈታል።»

«አንዴ ብቻ?» አሉ።

ውጫሌ ለመድረስ ገና ሁለት ኬላ ይቀረን ነበር።