ጋሽ ቁረጥ እስከ መጨረሻው ያሰሙት ዘፈን

ለተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ላባዛ ወጥቼ ሳለ መብራት ጠፋና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሥራ አቆመ። ደጅ ከመገተር ብዬ ከጎኑ ወዳለው ሙዚቃ ቤት ጎራ አልኩ። መብራቱ ባይጠፋ ኖሮ የሁለቱን ሰዎች ክርክር ባልሰማሁ፣ ይህንንም ባልጻፍኩ ነበር።

የሙዚቃ ቤቱን ባለቤት ሰፈሩ የሚያውቃቸው «ጋሽ ቁረጥ» በሚለው ቅጽል ስማቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በራቸው ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው ዘፈን ሲያሰሙ አንዱንም አስጨርሰው አያውቁም። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ራሱን መነቅነቅ ሲጀምር፣ አዝማቹ ሊገባ አንድ ትንፋሽ ሲቀረው፣ ቀጭ! ያጠፉታል። የቀረውን የፈለገ ገብቶ ካሴቱን ይገዛል። እኔም በወጣትነቴ ስንቱን ካሴት የገዛሁት በዚሁ ወጥመድ ተይዤ ነው፤ አልተቀየምኳቸውም።

ያን ቀን ግን ድምፅ ማጉያው ዝም ብሎ ባለቤቱ ይጮኻሉ። ከመደርደሪያው ማዶ የወንድማቸው ልጅ ቆማለች። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጓትም፣ ኮሌጅ ያስተማሯትም፣ ጊታር ገዝተው በእጇ ያስያዟትም እሳቸው ናቸው። በመካከላቸው ሁለት ገጽ ውል ተዘርግቷል።

«እንኳን መጡ መምህር! እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ። «ይቺ ልጅ አምስት ዘፈን ራሷ ደርሳ፣ ራሷ ተጫውታ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅላ ቀድታለች። ትልቁ አሳታሚ ሰምቶ እንፈራረም ብሏታል። አርብ ወኪሉ ለመልስ ይመጣል። እሷ ግን እምቢ አለች!»

«እምቢ አላልኩም አጎቴ» አለች ልጅቱ በትሕትና። «ያንብቡት ነው ያልኩት። ከፊርማው በኋላ ዘፈኖቹ የእነሱ ናቸው። ግጥሙን እንዳሻቸው ይለውጣሉ፤ መቼ እንደሚወጣም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እንዲህ ፈርማ አራት ዓመት ተራ የምትጠብቅ ጓደኛ አለችኝ። ዛሬ የራሷን ዘፈን መድረክ ላይ እንኳን መዝፈን አትችልም።»

«መጠበቅ ነውር ነው እንዴ? ዘፈን ማለት እኮ ሽፋን ያለው፣ ፎቶግራፍ ያለው፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው! አንቺ የምትዪው ኢንተርኔት ላይ መበተን ነው።»

«መበተን አይደለም አጎቴ። የሙዚቃ ማድመጫ ገጽ አለ። ዘፋኙ ዘፈኑን በስሙ ያስቀምጣል፤ አድማጩ ባለበት ሆኖ ይሰማል፤ ዘፈኑ ግን የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል።»

«ስንት ሺህ ዘፈን ባለበት ማን ያገኝሻል ልጄ? ያለ አሳታሚ ማን ያስተዋውቅሻል?»

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ለሷ አስበው እንጂ ለክፋት እንዳልጠየቁት ከፊታቸው ይነበባል። ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እርስዎ ነዎታ! እዚህ በር ላይ ስንቱን ዘፋኝ ከሰው ጋር ያስተዋወቁት እርስዎ አይደሉ? ያኔ ድምፅ ማጉያ ነበር፤ አሁን ይኸው ነው» ብላ ስልኳን አሳየቻቸው።

እኔም አላስችል ብሎኝ፣ «ለመሆኑ የመጨረሻውን ካሴት የሸጡት መቼ ነው?» አልኳቸው።

«እሱን እንኳ ተዉት መምህር፣ ቁስሌን አይነካኩ» አሉና ጥቂት አሰቡ። «ይሁን፤ እስከ አርብ አንዱን ዘፈን ሞክሪው። ግን በኔ ዘዴ ነው! አዝማቹ ሊገባ ሲል ይቆረጥ። የቀረውን የፈለገ እዚህ ይምጣ።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ተናድጄ ነበር። እሷ ግን ያሳደጓትን ሰው በሰው ፊት አላሳፈረችም፤ እንዳሏት ቆርጣ ዘፈኑን ገጹ ላይ አስቀመጠችው።

በሦስተኛው ቀን ወሬ አላስቀምጥ ብሎኝ ሄድኩ። ልጅቱ አድማጮች የጻፉትን ታነብላቸዋለች።

«አንዱ፣ 'ስልኬን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት፤ ለካ የተበላሸው ዘፈኑ ነው' ይላል።»

«ሌላውስ?» አሉ ጋሽ ቁረጥ።

«'ልጅቷን ምን ነካት? እየዘፈነች አመማት እንዴ?' ይላል።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ ቁረጥ አልሳቁም፤ በሩን ያያሉ። በሦስት ቀን ውስጥ የቀረውን ፍለጋ የመጣ አንድ ሰው አልነበረም።

«አጎቴ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚህ በር ላይ የቆመ ሰው ለመግባት ሁለት እርምጃ ነው የሚቀረው። እዚያ ያለው አድማጭ ግን የት እንዳለ እንኳ አናውቅም። ሲቆረጥበት ወዴት ይግባ? ትቶን ይሄዳል።»

ጋሽ ቁረጥ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት። በመጨረሻ፣ «እንግዲያው ሙሉውን ልቀቂው» አሉ። ከአፋቸው ሲወጣ እንደከበዳቸው አየሁ፤ በዚያች ሰዓት አከበርኳቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ደወሉልኝ። ስደርስ የልጅቱን ስልክ ዓይናቸው ሥር ደቅነው አገኘኋቸው።

«መምህር፣ ስልኩ ላይ ያለችውን ይቺን መስመር ይመልከቱ! ዘፈኑ ከዚህ ተነሥቶ እዚህ ያልቃል። መስመሩ ከፍ ያለበት ቦታ አድማጩ እየመለሰ የሰማው ነው አለችኝ። አንዲት ጉብታ አለች፤ የት ላይ እንደሆነች ያውቃሉ?»

«የት ላይ ነች?»

«እኔ የቆረጥኩበት ቦታ ላይ ናታ!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አርባ ዓመት ሙሉ ቁረጥ፣ ቁረጥ እያላችሁ ስትስቁብኝ፣ ጣፋጩ የት እንዳለ ይሄ ጆሮ ያውቅ ነበር!»

«ለዚህ እኮ ነው የምፈልግዎ» አለች ልጅቱ። «እዚያ ላይ የሚያልቅ አጭር ቅንጫቢ ለብቻው እናዘጋጅ፤ ሰው ለሰው ይላላከው። ሙሉው ዘፈን ከሥሩ ይኖራል፤ የፈለገ አንድ ጊዜ ነክቶ ይሰማዋል። የቀሩትን የአራቱን ዘፈኖች መቁረጫም እርስዎ ይምረጡልኝ።»

ቀጥላም ከሩቅ ክሊኒክ አንዲት ነርስ የጻፈችውን አነበበችልን። ነርሷ ዘፈኑን ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ አሰምታ፣ ሁለተኛው መቼ እንደሚወጣ ትጠይቃለች። ጋሽ ቁረጥ እንደገና አስነበቧት። ሦስተኛ ጊዜም ሊያስነብቧት ሲሉ፣ «ለሥራዬ እፈልገዋለሁ» ብላ ስልኳን ተቀበለቻቸው።

አርብ ወኪሉ ከረባቱን አስተካክሎ ገባ። ውሉን አጥፈው የመለሱለት ጋሽ ቁረጥ ናቸው።

«እናመሰግናለን፣ አክብራችሁናል» አሉት። «ነገር ግን የልጄ ዘፈን የራሷ ነው። ግጥሟን የሚለውጥባት፣ ቀኗን የሚወስንላት የለም። የየትም አገር ሰው ይሰማታል፤ የወደዳት በስሟ ይጽፍላታል፤ እሷም ራሷ ትመልስለታለች። ሌሎቹም ልጆች እንዲህ ያድርጉ እላለሁ፤ ተራ ሲጠብቁ ድምፃቸው አያርጅ።»

«መልካም ጋሼ» አለ ወኪሉ ፈገግ ብሎ፣ «ግን ማን ያስተዋውቅላታል?»

«እኔ!»

ወኪሉ እንደወጣ የልጅቱን ስልክ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝተው ዘፈኑን ለቀቁት። መንገደኛው አንድ ሁለት እያለ ቆመ። የሰፈሩ ሰው ነገሩን ያውቀዋልና፣ አዝማቹ ሲቃረብ ሁሉም መቆረጡን ይጠብቅ ጀመር። የጋሽ ቁረጥ እጅ በልማዱ ወደ ማጥፊያው ተዘረጋ። እጃቸው ጥቂት እንደተንጠለጠለ ቆየና ተመልሶ ኪሳቸው ገባ።

አዝማቹ ወጣ። ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ተሰማ። ካለቀም በኋላ ሰዎቹ ወዲያው አልሄዱም። ጋሽ ቁረጥ በሩ ላይ ወጥተው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሙ።

«ልጄ ናት» አሉ። «ራሷ ናት የደረሰችው።»