የያዕቁብ ቀኝ እጅ

ከሱዳኗ ከሰላ ወደ ገዳሪፍ የሚሄደው አውቶቡስ ሾዋክ ከተማ ላይ ሰው ሲጭን ከያዕቁብ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነበር። እርሱን አልገረመውም። ሰው እጁን አይቶ መቆምን ሲመርጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ ሃያ ዓመት ጆንያ ሰፍቷል፤ የሰፋውን ሁሉም ይሸከማል፣ የሰፋበትን እጅ ግን የሚጨብጥ የለም። በክርኖቹና በቀኝ እጁ ጀርባ ላይ ቆዳው እንደ ቅርፊት ወፍሮ ነጭ ፍርፋሪ ይረግፍበታል።

አንዲት ወጣት መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ልጄ፣ ሌላ ቦታ ፈልጊ» አላት እጅጌውን ወደ ጣቶቹ እየሳበ። «ኋላ እናትሽ እንዳትረግመኝ።»

«እናቴ የምትቆጣው ባዶ ወንበር እያለ ቆሜ ብሄድ ነው» አለችና ሳቀች። ፈይሩዝ ትባላለች፤ የመተማ ሰዎች ልጅ ናት፣ ገዳሪፍ ተወልዳ የመድኃኒት ትምህርት ተምራ እዚያው ፋርማሲ ትሠራለች። «ያ ዓሚ፣ አጎቴ፣ ይህ ሰደፊያ ይመስለኛል። ሐኪሞች ሶሪያሲስ ይሉታል። ሰው ላይ አይጋባም።»

«አይጋባም? ይህን ለታናሽ ወንድሜ ለእስማኤል ንገሪልኝ! የጠጣሁበትን ብርጭቆ በሰው ፊት ከድንጋይ ላይ ፈጠፈጠው። ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።»

እንዲህ ያለውን ነገር ያደረገ ሰው ጥንቃቄ ነው ይላል፤ ማታም እንቅልፍ ይወስደዋል። እንቅልፍ የሚያጣው የተጠነቀቁበት ሰው ነው።

«አሁን ደግሞ» አለ ያዕቁብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የልጄ የሉብና ኒካህ ሦስት ወር ቀርቶታል። አባት የሙሽራውን ቀኝ እጅ ጨብጦ ነው ልጁን የሚሰጥ። በዚህ እጅ እንዴት? ውክልናውን ለእስማኤል ልሰጥ ነው። ብርጭቆዬን ለሰበረው!»

ፈይሩዝ በእግሩ ሥር ያለውን ጠርሙስ አየች። የከሰላ መድኃኒተኛ የሰጠው የተቃጠለ የሞተር ዘይትና ድኝ ነበር፤ ጆንያ ሰፊ መሆኑንና ቆዳውን በድንጋይ እስኪደማ ፍቆ ሊቀባው መሆኑን ነገራት።

«በቀን ስንት ጆንያ ይሰፋሉ?»

«ሁለት መቶ።»

«ሁለት መቶውንም በአንድ ሰዓት ቢያመጡብዎስ?»

«ምን እሆናለሁ! ሳይሰፋ ይከመራላ።»

«ቆዳዎም እንዲያ ሆኖ ነው። የጤነኛ ሰው ቆዳ በወር ገደማ ይታደሳል፤ የእርስዎ ግን በጥቂት ቀን ይጣደፍና ሳይበስል ይከመራል። በድንጋይ ሲፍቁት ቆሰልኩ ብሎ ይብስበታል። ከቫይታሚን ዲ ዘር የተሠራ ቅባት አለ፤ ጥድፊያውን ያበርደዋል።»

«ቫይታሚኑ ከፀሐይ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። የገዳሪፍ ፀሐይ ሃያ ዓመት ሲጠብሰኝ ያልሰጠኝን ቅባት ይሰጠኛል?»

«ፀሐዩ የት አግኝቶዎት? በዚህ ሙቀት እስከ ጣትዎ ተሸፍነው! ደግሞ ቅባቱ የፀሐይ ምትክ አይደለም፤ ለታመመው ቆዳ ተብሎ የተሠራ ነው። በፀሐይ መቃጠልማ ያባብሰዋል።»

«ከሥሩ ይነቅለዋል?»

«አልዋሽዎትም፣ አይነቅለውም። ያሳሳዋል፣ ማሳከኩን ያስታግሳል። ተመልሶ ሊመጣም ይችላል፤ ያኔ እንደገና መቀባት ነው። በዘርም ሊተላለፍ ይችላል። በመጨባበጥ ግን ወላሂ አይተላለፍም።»

ያዕቁብ ጠርሙሱን ከእግሩ ሥር አነሣና «የከሰላው በሰባት ቀን ይነቀላል ነበር ያለኝ» አለ። «አንቺም እንደሱ ብትዪ ኖሮ ጠርሙሱን አልጥልም ነበር።»

ገዳሪፍ ሲወርዱ እጇን ዘረጋችለት። በእጅጌው ሊጨብጣት ሲል «ያ ዓሚ፣ እጅዎን ነው እንጂ ሸሚዝዎን ማን ጠየቀ?» አለችው።

ሐኪም አይቶት ቅባቱን አዘዘለት። ያዕቁብ ግን ቸኩሎ እንደ ግድግዳ ቀለም ለቀለቀው፤ በሦስት ቀን ቱቦውን ጨርሶ ፋርማሲው በር ላይ ቆመ። ፈይሩዝ ተቆጣች። «ቅቤ አደረጉት እንዴ! ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ አድርጎ ሰው ይጎዳል። ኸላስ፣ በቃ፣ ተመልሰው ሐኪሙ ዘንድ ይሂዱ።» ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ ደህና ሲሆን እንደገና አስጀመረው፦ ጠዋትና ማታ፣ ስስ አድርጎ፣ ፊት ሳይነካ፣ ከተቀቡ በኋላ ጣት ታጥቦ። ድንጋዩንም ጣለ።

በሁለተኛው ሳምንት ምንም ለውጥ አልነበረም፤ ያዕቁብ መድኃኒቱንም ፈይሩዝንም ረገመ። በስድስተኛው ፍርፋሪው ጆንያው ላይ መርገፉን አቆመ። በአሥረኛው ቅርፊቱ ሳስቶ ሐምራዊ ምልክት ብቻ ቀረ።

የኒካሁ ቀን እስማኤል ነጭ ጀላቢያ ለብሶ ከሙሽራው ፊት ሊቀመጥ መጣ።

«ቦታህ ከእኔ ቀጥሎ ነው» አለው ያዕቁብ፤ እጅጌውንም እስከ ክርኑ ሰበሰበ። ምልክቱን ሰው ሁሉ አየው። ሙሽራው ኢሀብ እጁን አጥብቆ ጨበጠ፣ ያዕቁብም ልጁን በራሱ አፍና በራሱ እጅ ሰጠ።

ምርቃቱ ካለቀ በኋላ እስማኤል ጠጋ ብሎ «አያ፣ ምን ተቀብተህ ነው?» አለው።

«ሐኪም ያዘዘውን። ተኝቼ አድራለሁ፣ ሳላክ እውላለሁ፣ ጆንያ ስሰፋ መርፌው በደም አያሟልጨኝም። ቅባቱ ዘጠኙን ዓመት ሙሉ ነበረ፤ እኛ ነን ድንጋይና የሞተር ዘይት ይዘን የተቀመጥን። ባይለቀኝም ኖሮ አንተን አይዝህም ነበር። ይህን እወቅ።»

ከቀረበለት ከርከዴ፣ ከቀዩ የአበባ ሻይ፣ ግማሹን ጠጥቶ ብርጭቆውን እስማኤል ፊት አኖረ። እስማኤል ብርጭቆውን አየው፣ የወንድሙን እጅ አየ። ከዚያ አንስቶ የቀረውን ጨለጠው፣ ባዶውንም ቀስ አድርጎ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ያዕቁብ «ልጨምርልህ?» አለው።